ወንፊቱ የጣላቸው ቫይረሶች፦ በፍሳሽ ውሃ ውስጥ ያልተጠኑ ፋጆችን እንዴት እናገኛለን?

በአንድ ሚሊ ሊትር ያልታከመ የከተማ ፍሳሽ ውስጥ 100 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ቫይረሶች ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኞቹ ሰውን አይነኩም፤ የሚያጠቁት ባክቴሪያን ነው። ባክቴሪዮፋጅ፣ ባጭሩ ፋጅ ይባላሉ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ ፓሪስ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ እነርሱ ከጻፉ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠንተዋል። ነገር ግን ጥናቱ ሁሉንም እኩል አልዳሰሰም። እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከታዩት ፋጆች ውስጥ ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት ጭራ ያላቸው፣ ድርብ ክር ዲኤንኤ የተሸከሙ ናቸው። ጭራ የሌላቸው፣ አርኤንኤ የተሸከሙ፣ ቅባት ያለው ሽፋን ያላቸውና እንደ ክር የቀጠኑት ጥቂት መስመር ብቻ ነው የደረሳቸው።

ጭራ የሌላቸው ፋጆች በእርግጥ ብርቅ ስለሆኑ ነው? ቢያንስ በፍሳሽ ውስጥ እንዳልሆነ አሁን በቂ ማስረጃ አለ። ችግሩ ያለው ከመሣሪያችን ነው። የፋጅ ፍለጋ ሥራ እንደ ወንፊት ነው፤ ከላይ የሚቀረውና ወርዶ የሚጠፋው በቀዳዳው ልክ ይወሰናል። የትኛውን ባክቴሪያ እንደምናበቅል፣ ናሙናውን በምን እንደምናጣራ፣ ክሎሮፎርም እንደምንጨምር ወይም እንደማንጨምር፣ ዘረመሉን በየትኛው ዘዴ እንደምናነብ፣ እያንዳንዱ ውሳኔ አንድ የቫይረስ ወገን ከዓይናችን ይሰውራል። ከዚህ በታች የምናየው ከእነዚህ ከተሰወሩት መካከል አንዱን ቡድን፣ ማለትም በፕላዝሚድ ላይ የሚመረኮዙትን ፋጆች፣ እንዴት አድርጎ ማግኘት እንደሚቻል ነው።

ፕላዝሚድና የሚያሳድዱት ፋጆች

ፕላዝሚድ ከባክቴሪያው ዋና ክሮሞዞም ተለይቶ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ ትንሽ ዲኤንኤ ነው። አንዳንዶቹ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን መሣሪያ ራሳቸው ይሠራሉ፤ የመሣሪያው አንዱ ክፍል ፒለስ የሚባል ከሴሉ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ቀጭን ክር ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን የመቋቋም ጂኖች ከዝርያ ወደ ዝርያ ከሚዛመቱባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ሆስፒታሉም፣ ቤቱም፣ ቄራውም የሚያፈሰው ባክቴሪያ አንድ ላይ የሚገናኝበት የፍሳሽ መስመር ደግሞ ለዚህ ልውውጥ የተመቸ ስፍራ ነው።

አንዳንድ ፋጆች ወደ ባክቴሪያው የሚገቡት ይህንኑ የመሻገሪያ መሣሪያ ይዘው ነው። ፕላዝሚዱ ከሌለ መያዣ የላቸውም፤ ስለዚህ ባክቴሪያውን አያጠቁም። ሦስት ዋና ዋና ወገኖች አሉ። ኤምኤስ2ን የመሰሉት ባለ ነጠላ ክር አርኤንኤ ፋጆች ኤፍ የሚባለው ፕላዝሚድ የሚሠራውን ፒለስ ከጎኑ ይይዛሉ፤ ስፋታቸው 27 ናኖ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ኤም13ን የመሰሉት ክር መሰል ፋጆች የፒለሱን ጫፍ ይይዛሉ፤ ባለ ነጠላ ክር ዲኤንኤ ናቸው። ሦስተኞቹ ቴክቲቫይረሶች ሲሆኑ ፒአርዲ1 ዋና ምሳሌያቸው ነው። ከፕሮቲን ዛጎላቸው ሥር የቅባት ሽፋን አላቸው፤ ዲኤንኤያቸው ቀጥ ያለ ድርብ ክር ሲሆን ርዝመቱ 15,000 የዘረመል ፊደል ገደማ ነው፤ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ፕሮቲን ተጣብቆበታል። ይህች የጫፍ ፕሮቲን ኋላ ላይ ጣጣ ስለምታመጣ ከወዲሁ ልብ ይሏል።

እነዚህ ፋጆች ለሳይንስ ያበረከቱት ከቁጥራቸው ጋር አይመጣጠንም። የመጀመሪያው አርኤንኤ ፋጅ በ1961 ከኒውዮርክ ፍሳሽ የተለየው ኤፍ2 ነው። በ1976 በቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ የዋልተር ፊርስ ቡድን የኤምኤስ2ን 3,569 ፊደላት አንብቦ ሲጨርስ፣ በታሪክ ሙሉ ጂኖሙ (የዘረመል ፊደላቱ በጠቅላላ) የተነበበ የመጀመሪያው ቫይረስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት የታወቁት ባለ ነጠላ ክር አርኤንኤ ፋጆች በአሥሮች ብቻ ነበር የሚቆጠሩት። በ2020 በአየርላንድ ኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ከፍሳሽ ማከሚያ ዝቃጭና ከውሃ አካላት የተነበቡ የአርኤንኤ መረጃዎችን በኮምፒውተር ፈትሸው ሙሉ ለመሆን የቀረቡ 1,015 ጂኖሞችን አወጡ። ቫይረሶቹ አዲስ አልመጡም፤ የተለወጠው አፈላለጉ ነው።

ሁለት ባክቴሪያ፣ አንድ ፕላዝሚድ

ፕላዝሚድ የተሸከመ ኢ. ኮላይ (በአንጀት የሚኖር ባክቴሪያ) ላይ የፍሳሽ ናሙና ብናፈስ በርካታ ፕላኮች (ባክቴሪያው የሞተባቸው ወይም የሳሳባቸው ክብ ነጥቦች) ይታያሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ፕላዝሚዱን ከቁም ነገር የማይቆጥሩ፣ የባክቴሪያውን የራሱን ገጽ የሚይዙ ተራ ፋጆች ናቸው። የምንፈልጋቸውን ለማግኘት ድሮ እያንዳንዱን ፕላክ ለቅሞ፣ ፕላዝሚድ ባለውና በሌለው ባክቴሪያ ላይ መሞከር ያስፈልግ ነበር። በመቶ ለሚቆጠር ፕላክ ይህን መሥራት ማንንም ያታክታል።

በ2024 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህን ድካም በብልሃት አስቀረው። አንድ ዓይነት ፕላዝሚድ ለሁለት በዝምድና ለተራራቁ ባክቴሪያዎች ይሰጣል። በብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ውስጥ መኖር ለሚችለው የኢንክፒ ቡድን ፕላዝሚድ፣ ለምሳሌ ለአርፒ4፣ ሳልሞኔላና ሲዶሞናስ ፑቲዳ ይስማማሉ። ሁለቱ በተለያየ ቀለም የሚያበራ ፕሮቲን እንዲሠሩ ይደረጋሉ፤ ከዚያ በአንድ ሳህን ላይ ተቀላቅለው ይበቅላሉ፤ ናሙናውም አብሮ ይፈስሳል። ተራ የሳልሞኔላ ፋጅ ሲዶሞናስን አይነካም፤ ስለዚህ ፕላኩ ውስጥ የሲዶሞናሱ ቀለም ብቻ ይቀራል። ተራ የሲዶሞናስ ፋጅም በተገላቢጦሽ። ሁለቱም ቀለም የጠፋበት ጥቁር ነጥብ ከታየ ግን፣ ያ ፋጅ ሁለቱን የሚያስተሳስረውን ነገር፣ ማለትም ፕላዝሚዱን፣ የተከተለ ሳይሆን አይቀርም። ተራራቂ ባክቴሪያዎችን የሚያጠቃ ተራ ፋጅ ጥቂት ስለሆነ ስህተቱ አነስተኛ ነው። የኤፍ ፕላዝሚድ የሚኖርበት ክልል ጠባብ ስለሆነ ለእርሱ ቅርብ ዘመዳሞችን፣ ኢ. ኮላይንና ሳልሞኔላን፣ መጠቀም ግድ ነው።

ውጤቱ ይህ ነበር፦ ቡድኑ በዚህ ፍለጋ 65 ፋጆች ለየ፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ጭራ የሌላቸው ነበሩ። በፍሳሽ ውስጥ በብዛት ያሉ ሆነው ሳለ፣ ቴክቲቫይረሶቹ ናሙናን በጅምላ አንብበው በሚመረምሩ የሜታጂኖሚክስ ጥናቶች ውስጥ አልታዩም። ይህ ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁሉን ያያል፣ ባክቴሪያ ማብቀል ያለፈበት ነው የሚል እምነት ሥር ሰድዷል። አርኤንኤ ፋጆችን ያበዛው ኮምፒውተር ቴክቲቫይረሶችን አላያቸውም። ሁለቱም መንገዶች የግድ ያስፈልጋሉ።

ከናሙናው እስከ ሳህኑ

ከማከሚያ ጣቢያው መግቢያ፣ ገና ያልታከመውን ፍሳሽ 50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። በበረዶ ይጓዝ፤ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሠራበት። ጓንት፣ መነጽርና ጋውን የግድ ናቸው፤ ናሙናው ውስጥ የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስም፣ የታይፎይድ ባክቴሪያም ሊኖር ይችላል። የተረፈው ሁሉ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቀቀል። በላብራቶሪ የያዛችሁት ባለ ፕላዝሚድ ባክቴሪያም መድኃኒት የተላመደ ነው፤ እርሱን ወደ ገንዳ መድፋት የምታጠኑትን ችግር ማባባስ ነው።

ቀጥሎ ናሙናውን በ5,000 ጊዜ የመሬት ስበት ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ አዙራችሁ ከላይ የጠራውን በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉ። ፕሮቲን የማይዝ የፒኢኤስ ማጣሪያ ምረጡ፤ ተራው የናይትሮሴሉሎስ ማጣሪያ ቫይረሱን ራሱ ይይዝባችኋል። ግዙፍ ፋጆችንም የምትፈልጉ ከሆነ 0.22 ይከለክላቸዋል፤ 0.45ን ተጠቀሙ፣ የሚያልፈውን ጥቂት ባክቴሪያም ለመቆጣጠር ተዘጋጁ።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ይመጣል። በብዙ የላብራቶሪ መመሪያዎች ውስጥ የቀረ ባክቴሪያ እንዲሞት ናሙናው ላይ ክሎሮፎርም ጨምሩ የሚል መስመር አለ። ጭራ ያላቸው ፋጆች አብዛኞቹ ይህን ይችላሉ። ቴክቲቫይረስ ግን በውስጡ የቅባት ሽፋን ስላለው ክሎሮፎርም ያፈርሰዋል፤ ክር መሰሎቹም ለክሎሮፎርም ስሱ ናቸው። ለጥንቃቄ ተብሎ የተጨመረ ጠብታ ከሦስቱ ወገኖች ሁለቱን ገና በበሩ ላይ ይገድላቸዋል። አትጨምሩ። ይልቅስ ይህንኑ ድክመት ኋላ ላይ ለመለያ ተጠቀሙበት፦ የተለየን ፋጅ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ከክሎሮፎርም ጋር ካዋሃዳችሁ በኋላ ሁለቱንም ቁጠሩ፤ በክሎሮፎርም የሞተው ቅባት ያለው ወይም ክር መሰል ሊሆን ስለሚችል ቅድሚያ ስጡት።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ማበልጸግ ነው። ናሙናውን ከመረቅና ከባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ ሌሊቱን ማሳደር ቁጥር ያበዛል፤ ግን በፍጥነት የሚባዛው አንድ ፋጅ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። በማግስቱ ሳህኑ በፕላክ ተሞልቶ ስታዩ ደስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም የአንዱ ልጆች ናቸው። ብዝኃነት ከፈለጋችሁ በቀጥታ ወደ ሳህን ሂዱ፤ ማበልጸግን ባዶ ሳህን ላጋጠመው ናሙና ብቻ አቆዩት።

ሳህኑ ሁለት ንብርብር ነው። የታችኛው 1.5 በመቶ አጋር (መረቁን የሚያረጋ ነገር) ያለው ሲሆን፣ ከመጠቀም በፊት ክዳኑን ገልጣችሁ በንጹሕ ካቢኔት ውስጥ 15 እስከ 30 ደቂቃ አድርቁት፤ ካልደረቀ ፕላኮቹ ይቀባባሉ። የላይኛው 0.5 በመቶ ነው፤ በ47 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ይቆይ። ከ50 ካለፈ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ብዙ ከቀዘቀዘ ይጓጉላል። በ4 ሚሊ ሊትር የላይኛው አጋር ውስጥ 100 ማይክሮ ሊትር ናሙና፣ በአጠቃላይ 200 ማይክሮ ሊትር የሁለቱ ባክቴሪያዎች ድብልቅና በ2 ሚሊ ሞላር ልክ ካልሲየም ክሎራይድ ጨምሩ፤ አረፋ ሳታስነሡ አዋሕዳችሁ አፍስሱ። ናሙናውን ያልተቀጠነ፣ 10 ጊዜ የቀጠነና 100 ጊዜ የቀጠነ አድርጋችሁ በሦስት ሳህን ሞክሩ። ፕላክ ከበዛ የሳልሞኔላና የሲዶሞናስ ፋጅ ተደራርበው ሐሰተኛ ጥቁር ነጥብ ይሰጣሉ።

ሲዶሞናስ ፑቲዳ 37 ዲግሪ አይስማማውም፤ ስለዚህ ድብልቁ በ30 ዲግሪ ያድራል። ሳልሞኔላው የሚፈጥን ከሆነ የሲዶሞናሱ ቀለም ደብዝዞ ሳህኑ ሁሉ የአንድ ቀለም ይሆናል፤ ትክክለኛውን ምጥን ፋጅ በሌለበት ሳህን፣ 1 ለ1፣ 1 ለ5፣ 1 ለ10 እያላችሁ አስቀድማችሁ ፈልጉ። በኤፍ ፕላዝሚድ ስትሠሩ ደግሞ ሙቀቱ 37 ይሁን፤ ከ25 ዲግሪ በታች ኢ. ኮላይ የኤፍ ፒለስ አያበቅልም። ባክቴሪያው በፈጣን ዕድገት ላይ ያለ፣ ያላረጀ ይሁን። አጥብቃችሁ አትነቅንቁት፤ ፒለስ በቀላሉ ይሰበራል። መድኃኒቱን (ፕላዝሚዱ የሚቋቋመውን አንቲባዮቲክ) ከማሳደጊያው መረቅ ውስጥ ካጎደላችሁ ባክቴሪያው ፕላዝሚዱን ጥሎ ያድጋል፤ በዚያን ጊዜ ባዶ ሳህን ማየት ፋጅ የለም ማለት አይደለም።

ጥቁሩን ነጥብ የምትፈልጉት የባክቴሪያዎቹን ፕሮቲን እንዲያበራ በሚያደርግ ብርሃንና በተገቢ የቀለም ማጣሪያ በተነሣ ፎቶ ላይ ነው። ክር መሰል ፋጆች ባክቴሪያውን ሳይገድሉ እያዘገዩ የሚወጡ ስለሆኑ ፕላካቸው ደብዛዛ ነው፤ ጥርት ያለ ነጥብ ብቻ የለመደ ዓይን ያልፋቸዋል።

መለየትና ማረጋገጥ

ነጥቡን በንጹሕ የፒፔት ጫፍ ወግታችሁ በ100 ማይክሮ ሊትር ኤስኤም ቋት (ፋጁ የሚቀመጥበት የጨው መፍትሔ) ውስጥ ክተቱ (ሶዲየም ክሎራይድ 100፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 8፣ ትሪስ 50 ሚሊ ሞላር፣ ፒኤች 7.5)። እንደገና አቅጥናችሁ ዝሩ፣ አንድ ፕላክ ልቀሙ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙት። አንድ ዙር ብቻ ሠርቶ ወደ ጂኖም ንባብ መሮጥ በኋላ ሁለት ፋጅ የተቀላቀለበት የማይፈታ መረጃ ይሰጣል።

ቁጥሩ ቀላል ነው። 1,000 ጊዜ ከቀጠነው ናሙና 0.1 ሚሊ ሊትር ዘርታችሁ 64 ፕላክ ካያችሁ፣ 64ን በ10 ከዚያም በ1,000 አባዙ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 640,000 ፋጅ አለ ማለት ነው። ከ30 በታች ወይም ከ300 በላይ ፕላክ ያለበትን ሳህን ለቁጥር አትመኑት።

ወሳኙ ማረጋገጫ የሚቀጥለው ነው። በፕላዝሚዱ ብቻ የሚለያዩ ሁለት መንትያ ባክቴሪያዎች ላይ የተቀጠነውን ፋጅ አምስት አምስት ማይክሮ ሊትር አንጠብጥቡ። ፕላዝሚድ ባለው ላይ ነጥቡ ከጠራ፣ በሌለው ላይ ምንም ካልታየ ፋጁ ከፕላዝሚዱ ጋር የተሳሰረ ነው። በተከታታይ ቅጥነት ሞክሩት፤ ያልተቀጠነ ጠብታ ብቻውን ፋጁ ሳይባዛም ባክቴሪያውን ሊያጠፋ ስለሚችል ያሳስታል። አርኤንኤ ፋጅ መሆኑን ለማየት ላይኛው አጋር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ማይክሮ ግራም አርኤንኤዝ ኢንዛይም ጨምሩ፤ አርኤንኤው ከዛጎሉ ወጥቶ ወደ ሴሉ ሲገባ ኢንዛይሙ ይቆርጠዋል፤ ፕላኩ በአብዛኛው ይጠፋል።

ጂኖሙን ለማንበብ መጀመሪያ ከዛጎሉ ውጭ የተበተነውን የባክቴሪያ ዲኤንኤ ዲኤንኤዝ በተባለ ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም አጥፉ፤ ኢንዛይሙን በኢዲቲኤና በሙቀት አቁሙ፤ ከዚያ ዛጎሉን በፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) እና በኤስዲኤስ በ56 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ክፈቱ። ቀደም ሲል ያነሣናት የጫፍ ፕሮቲን ጣጣ የምታመጣው እዚህ ነው፦ ፕሮቲኔዙን ከዘለላችሁ የቴክቲቫይረስ ዲኤንኤ ከተጣበቀው ፕሮቲን ጋር ተያይዞ በፊኖል ማጥሪያው ላይ ይጠፋል፤ ቱቦው ባዶ ይመስላል። አርኤንኤ ፋጅ ከሆነ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ተራው የዲኤንኤ ዝግጅት አያየውም። ክር መሰሎቹን በተመለከተ ድርብ ክር የሚጠይቅ ኪት ነጠላውን ክር ይጥለዋል፤ ቀላሉ መላ ከተጠቃው ባክቴሪያ ውስጥ ድርብ ክር የሆነውን መባዣ ቅርጻቸውን እንደ ተራ ፕላዝሚድ አጥርቶ ማንበብ ነው፤ ከባክቴሪያው ፕላዝሚድ ጋር ግን ተቀላቅሎ ስለሚወጣ በንባቡ መለየት አለበት። ባለ ነጠላ ክር ዲኤንኤን በፋይ29 ኢንዛይም ማባዛት ቁጥሩን ያዛባል፤ ትንንሽ ክብ ዲኤንኤዎችን ከልክ በላይ ያበዛቸዋል።

የተለየውን ፋጅ በ4 ዲግሪ ለሥራ፣ በ20 በመቶ ግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ለረጅም ጊዜ አስቀምጡ። ከማቀዝቀዣው በወጣ ቁጥር እንደገና ቁጠሩት።

መድኃኒት የመላመድን ችግር ይፈታል?

ሐሳቡ ያጓጓል፦ ፋጁ ፕላዝሚድ ያላቸውን ብቻ የሚገድል ከሆነ፣ የሚተርፈው ፕላዝሚዱን የጣለ፣ መድኃኒት እንደገና የሚሠራበት ባክቴሪያ ይሆናል። በ2011 በፊንላንድ የተሠራ ጥናት ፒአርዲ1 በላብራቶሪ ውስጥ ይህን ማድረግ እንደሚችል አሳይቷል፤ ከተረፉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ የመድኃኒት መቋቋሚያ ፕላዝሚዳቸውን ጣሉ። ሌሎቹ ግን ፕላዝሚዱን ይዘው ቀሩ፤ ያጡት መሻገሪያ መሣሪያውን ነው። እነዚህ አሁንም መድኃኒት ይቋቋማሉ፣ ለጎረቤት ግን ማስተላለፍ ተስኗቸዋል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን አዘውትሮ በሚያገኝበት ስፍራ ደግሞ ፕላዝሚዱን መጣል ሞት ስለሆነ፣ የሚያዋጣው መንገድ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚሠራ ሁሉ ከፋጁ የተረፉትን ባክቴሪያዎች በሁለት ነገር ይፈትን። በመጀመሪያ መድኃኒት ባለበትና በሌለበት ሳህን ላይ ያብቅላቸው፤ ፕላዝሚዱን የጣሉት መድኃኒት ባለበት ላይ አይበቅሉም። የበቀሉትን ደግሞ ፕላዝሚድ ከሌለው ባክቴሪያ ጋር አዋሕዶ መሻገር መቻላቸውን ይመልከት። የመጀመሪያውን ብቻ የሠራ ሰው ፋጁ አልሠራም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ዝውውሩ በእርግጥ ቆሞ እያለ።